ስታፋ የሌለውን መጋጠሚያ ጨርቅ ይይዘዋል?

ይህን ጥያቄ ስለ ግንባታ የምናወራበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት በኅዳር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ደርቤ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነው የጻፍኩት። ውይይቱ እያደር 34 መልስ ደረሰ። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ሲሶው ከርዕሱ የወጣ ነው። ከወጣውም ግን የሚያስቀውን አልተውኩትም።

ነገሩ ይህ ነው። አጎቴ ከተማው ውስጥ ጂ+2 ቤት አለው። ታች ምግብ ቤት ነው፣ ላይ ክፍሎች ያከራያል። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሲከርም፣ የታኅሣሥ 26ቱም የየካቲት 7ቱም እኛ ጋ ተሰምተዋል። የየካቲቱ በሌሊት ስለነበር ተከራዮቹ ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ ደጅ ወጡ። ከዚያ በኋላ በማዕዘኑ ኮለን (ምሰሶ) ላይ፣ ሁለቱ ቢሞች (አግዳሚ ተሸካሚዎቹ) በሚገናኙበት ቦታ፣ ልስኑ በሰያፍ ተሰነጠቀ። ቀለም ቀባንበት። ተመልሶ መጣ። እንደገና ቀባን። እንደገና መጣ።

በመጨረሻ መሮና መዶሻ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ልስኑ ሲረግፍ ስንጥቁ አርማታው ላይም አለ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ግን አለ። ጥጉ ላይ ሽፋኑ ስለላላ ቀስ ብዬ ፈለፈልኩት። ሁለት ጣት ያህል እንደገባሁ የኮለኑ ፌሮ፣ ውስጡ የቆመው ብረት፣ ብቅ አለ። ከቢሙ በታች ስታፋ፣ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት፣ አለ። ከሶሌታው (ከአርማታው ወለል) በላይም አለ። መሃሉ ላይ፣ መጋጠሚያው ውስጥ፣ አንድም የለም። 40 ሳንቲሜትር ሙሉ ፌሮው ራቁቱን ቆሟል። በእጄ ዳሰስኩት። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና፣ ፌራዮው (ብረቱን ያሰረው ሠራተኛ) ዘሎት ነው ብዬ ጽፌ፣ ይህን አርማታ ላይ በማጣበቂያ በሚለጠፍ የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ማጠናከር ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ያቺን ስለ ፌራዮው የጻፍኳትን ነገር ያዙልኝ።

መልስ ቁጥር 1ን የጻፉት ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ልጄ እያሉ፣ ረጋ ብለው ነው የጻፉት። መሬት ሲነቃነቅ የቢሙ ፌሮ በአንድ በኩል ይሳባል፣ በሌላ በኩል ይገፋል፤ ኮለኑም ከላይና ከታች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚገናኘው በዚያች ትንሽ የአርማታ ጉማጅ ውስጥ ነው። ማዕዘኑ የላላ ጠረጴዛ በጎን ሲገፋ እንደሚያጋድለው፣ መጋጠሚያውም በሰያፍ ይጎተታል። አርማታ ደግሞ መጎተት አይችልም፤ በመስቀል ቅርጽ ይሰነጠቃል። ስታፋ ካለ የተሰነጠቀውን አቅፎ ያቆየዋል። ከሌለ አርማታው እየተፈረካከሰ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የኮለኑ ፌሮ ይጎብጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይቀመጣል። የማዕዘን ኮለን የሚብሰው ቢም የሚይዘው በሁለት ጎን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ክፍት ናቸው። እስካሁን ከሰማኋቸው ማብራሪያዎች ይህን የሚያህል የለም።

ቁጥር 2 ቀልደኛ ነው። ለሕንፃ ጨርቅ ካስፈለገ የመንዝ በርኖስ ምን ሆነና የሚል ነገር ጻፈ። ቁጥር 3 ቀጠለና በርኖስ ውድ መሆኑን ጠቅሶ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እንደሚሻል መከረ። ሳቅሁ። ትንሽም ተናደድኩ፤ እኔ እኮ ፌሮ ዳስሼ ነው የመጣሁት።

ያስጣለችኝ ቁጥር 4 ናት። የነባር ሕንፃ ጥገና ላይ የምትሠራ መሐንዲስ ናት። ጨርቁን አትናቁት የሚል መንፈስ ነበረው ጽሑፏ። የካርቦን ክሩ ራሱ ከ3,500 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) በላይ መሳብ ይችላል፤ እኛ የምናስረው ፌሮ 400 እና 500 አካባቢ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ክብደቱ የብረት ሩብ አይሞላም። ምሳሌ አድርጋ ያመጣችው ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን አጠገብ ያለውን የኢባኽ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጠገን 175 ኪሎ የብረት ላሜራ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ 6.2 ኪሎ የካርቦን ጥብጣብ ተወጣው። አንዱን ጫፍ ይዞ በአንድ እጅ የሚነሳ ነገር ማለት ነው። ግን ወዲያው ልጓም አበጀችለት። ጨርቁ የሚሠራው ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ሲሳብ ብቻ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘውም ከተለጠፈበት አርማታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክሩ አይበጠስም፤ ከሥሩ ይላጣል። ሲላጥም የአርማታውን ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው።

ቁጥር 5 ሥራ ተቋራጭ ነኝ ያለ ሰው ነው። በሁለት ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ ብሎ ስልኬን በውስጥ መስመር ጠየቀ። ቁጥር 6 ያለ ሰላምታ ገባ። የአርማታውን ጥንካሬ ሳይለካ ዋጋ የሚያወራ ሰው ባለሙያ ሳይሆን ጨርቅ ነጋዴ ነው ሲል ጻፈበት። ከስድቡ ጋር ቁጥሮቹንም አስቀመጠ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ ለእንዲህ ያለ የተለጠፈ ሥራ አርማታው ቢያንስ 17 ሜጋፓስካል እንዲሆን ይጠይቃል። ላዩ ላይ ክብ ብረት ተለጥፎ ሲነቀል ደግሞ ከ1.4 ሜጋፓስካል በታች መላቀቅ የለበትም። ከዚያ በታች ከሆነ የሚለጠፈው ነገር ወርቅም ቢሆን ዋጋ የለውም። ተቋራጩ ጠፋ። በቁጥር 19 ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ብቅ ብሏል።

ቁጥር 7 በቅን ልቦና ስህተት ሠራ። ቢሞቹን ከታችም ከጎንም በጨርቅ ጠቅልለህ አጠንክራቸው፣ ያኔ መጋጠሚያው ይቀለዋል የሚል ምክር ነው። ቁጥር 8 ጮኸበት ማለት ይቻላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ቢሙ በጠነከረ ቁጥር ወደ መጋጠሚያውና ወደ ኮለኑ የሚልከው ጉልበት ይጨምራል። የሚፈለገው ጠንካራ ኮለንና ደከም ያለ ቢም ነው፤ መንቀጥቀጡ ሲመጣ ቢሙ ይታጠፍ፣ ኮለኑ ይቁም። ቢም ቢጎዳ አንድ ክፍል ያሳጣል፣ ኮለን ከሄደ ሕንፃው ይሄዳል። ቁጥር 7 በኋላ ተመልሶ ሳያኮርፍ አመሰገነ። በእኛ መድረክ ብርቅ ነው።

ቁጥር 9 አጭር ነበር። አርማታው በተሞላ ቀን ሳይት ላይ የነበረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። በቁጥር 10 መለስኩ፤ ያኔ ተማሪ እንደነበርኩና አጎቴን ለማገዝ ብቻ ብቅ እል እንደነበር ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። እውነቱም ሁሉ ግን አይደለም።

ከዚያ አንድ የአጣዬ ሰው በቁጥር 11 የ1953ቱን የካራቆሬ መንቀጥቀጥ አነሳ። በዚያ ግንቦት ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬ ተጎድታለች፣ የአስመራው መንገድም ተሰነጣጥቆ ነበር። አባቱ ለቀናት ሜዳ ላይ ማደራቸውን ይነግሩት እንደነበር ጻፈ። ያኔ የወደቀው የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው፤ ጂ+4 የሚባል ነገር እዚያ አልነበረም። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቁጠሩ ብሎ አበቃ። ቁጥር 12 በአገሪቱ የግንባታ ኮድ ካርታ ላይ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ከከፍተኛ ስጋት ቦታዎች አንዱ መሆኑን አከለበት። ውይይቱ ለጥቂት ሰዓት ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረው በቁጥር 13 የገባ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ኢፖክሲ ወለል የሚያነጥፍ ባለሙያ ነው። በታኅሣሥ የቀባው ኢፖክሲ እስከ ጠዋት እንደ ማር ሲንጠባጠብ እንዳደረና በማግስቱ ፍቆ እንደጣለው ተረከ። የጨርቁም ማጣበቂያ ያው ኢፖክሲ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ10 ዲግሪ በታች በቅጡ አይደርቁም፤ እኛ ጋ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። እሱ መፍትሔ ያለው ክፍሉን ሸፍኖ ከሰል ማንደድ ነው። ቁጥር 14 በቁጣ አስቆመው። የተዘጋ ቤት ውስጥ የነደደ ከሰል ስንቱን በተኛበት እንዳስቀረ ለሸዋ ሰው አይነገርም። ለሥራውም አይበጅም፣ ጭሱ እርጥበት ይዞ ቀዝቃዛው አርማታ ላይ ያላብሰዋል። የአርማታው ላይ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ስለዚህ ወይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ወይ እስከ የካቲት መታገሥ። ሥራውም ጠዋት 4 ሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን ከመታች በኋላ ይጀመር።

ቁጥር 15 ስለ እሳት ነው። ታች ምግብ ቤት መኖሩን ከጻፍኩት ላይ አይቶ ኖሯል። በተራ ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ 60፣ 80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የወጥ ቤት እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚከዳው እሱ ነው። ስለዚህ ሕንፃው የዘወትር ሸክሙን ያለ ጨርቁም መሸከም መቻሉ አስቀድሞ ይሰላል፤ ጨርቁ ለመንቀጥቀጡ ቀን ነው።

ከ16 እስከ 22 ያለውን ባልናገር ይሻል ነበር። አንዱ ካርቦን በዶላር ከሚገባ የባዛልት ፋይበር ለምን አንሠራም ብሎ ጠየቀ። ጣርማ በር ሙሉ ባዛልት አይደለም ወይ? ጂኦሎጂስቶችም አንዱን የባዛልት ንብርብር በጣርማ በር ስም ነው የሚጠሩት። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ የባዛልት ክር በእርግጥም ድንጋዩን ከ1,400 ዲግሪ በላይ አቅልጦ በመሳብ ይሠራል። ሌላው ግን ሁሉም ባዛልት ለክር እንደማይሆንና የማዕድኑ ቅንብር እንደሚወስን ሲነግረው አገርህን አትወድም ወደሚል ገቡ። ከዚያ የጣርማ በርን ዋሻ ማን ቆፈረው፣ ማን ሞተበት፣ የማን አያት። ተቋራጩ የተመለሰው እዚህ መሃል ነው። አስተባባሪው ሁለት መልስ አጥፍቶ ወደ መጋጠሚያው እንድንመለስ አዘዘ።

ያቺ መሐንዲስ በቁጥር 23 ተመለሰች። የውይይቱ እምብርት ይህ ይመስለኛል። ከባዱ ነገር ጥንካሬው ሳይሆን ቅርጹ ነው አለች። ብቻውን የቆመ ኮለን ዙሪያውን ይጠቀለላል፣ ያበቃል። መጋጠሚያ ላይ ግን ቢሙ መንገድ ይዘጋል፣ ሶሌታው ከላይ ይዘጋል። ጨርቁ ዞሮ ራሱን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ክሩ መጋጠሚያው ላይ አግድምና ሽቅብ፣ ወይም ሰያፉን ስንጥቅ ተሻግሮ ይነጠፋል፤ ጫፉ ግን መልሕቅ ያስፈልገዋል። ግሪክ ውስጥ 18 የውጭ መጋጠሚያዎችን ሠርተው የሞከሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ይህንኑ ነው። ጫፉ ሲታሰር ጨርቁ ይሠራል፣ ካልታሰረ ቀድሞ ይላጣል፣ በጎን የሚገባ ቢም ሲኖር ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጣሊያኖችም ላኲላ የምትባል ከተማቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በመንቀጥቀጥ ከተመታች በኋላ ለመጋጠሚያ ጥገና በዚህ መንገድ በሰፊው ሄደውበታል።

መልሕቁን የገለጸችበት መንገድ ከአእምሮዬ አልወጣም። የካርቦን ክር ጥቅል ነው። ግማሹ አርማታው ውስጥ በተቦረቦረ ቀዳዳ በኢፖክሲ ይቀበራል፣ ግማሹ ውጭ ጨርቁ ላይ እንደ ጭራ ይበተናል። ልክ እንደ ዝንብ ማባረሪያው ጭራ፤ እጀታው ግድግዳው ውስጥ፣ ፀጉሩ ላይ። ከዚያ በፊት ሹል ጥጎች ሁሉ በግራይንደር ቢያንስ 13 ሚሊሜትር ዙር ይዘው መክበብ አለባቸው፣ አለበለዚያ ክሩ ጥጉ ላይ ይቆረጣል። ስንጥቁ በኢፖክሲ ይሞላል፣ ጎድጓዳው ይደለደላል፣ አቧራው በደንብ ይጠረጋል። ጨርቁ ከተነጠፈ በኋላ አየር እንዳይቀር በሮለር ይዳመጣል። ሲደርቅ በሳንቲም መታ መታ ይደረጋል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ተይዟል፣ ባዶ ጣሳ ከመሰለ ሥሩ አየር ነው። ትንሿ በኢፖክሲ ትሞላለች፣ ትልቁ ተቆርጦ ይነሳል። አንብቤ ስጨርስ ብር ሳንቲም አንስቼ የክፍሌን ልስን ማንኳኳት ጀመርኩ። ግማሹ ጣሳ ነው።

ቁጥር 24 የአርማታ ጃኬት አይሻልም ወይ ብሎ ሲጠይቅ ጡረተኛው መሐንዲስ በ25 መለሱ። ኮለኑ በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይወፍራል፣ ሶሌታው ተበስቶ አዲስ ፌሮ ያልፋል፣ ቢሙም ተበስቶ ስታፋው በመጋጠሚያው ውስጥ እንዲዘጋ ይደረጋል። ከባድ ነው፣ አቧራ ነው፣ ተከራይ ያስወጣል። ግን አርማታው ደካማ ከሆነ ከጨርቁ ይልቅ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ደግሞ የእኛ ግንበኛና ፌራዮ እጁ የሚያውቀው ሥራ ነው። ቁጥር 26 ሁለቱም ቢሆኑ በሕንፃ አዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ እንደማይነኩ አስታወሰ። የሰለቸ ሰው አጻጻፍ ነበር፣ ግን ልክ ነው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። በቁጥር 27 የተመለስኩት የላቦራቶሪ ወረቀት ይዤ ነው። ከሦስት ኮለኖች ኮር፣ ከአርማታው ተሰርስሮ የሚወጣ ናሙና፣ አስወጥተን ነበር። ሁለቱ 24 እና 22 ሜጋፓስካል ሆኑ። የማዕዘኑ 14 ሆነ። ከ17 በታች። ስንጥቁ ያለበት፣ ስታፋ የሌለው፣ ደካማውም እሱ። መሐንዲሷና ጡረተኛው በ28 እና በ29 ሳይነጋገሩ ተስማሙ፤ ለማዕዘኑ ጃኬት፣ ለሁለቱ ጨርቅ ከነመልሕቁ፣ ጨርቁም ከየካቲት በፊት እንዳይነካ። አጎቴ ወረቀቱን አይቶ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ምግብ ቤቱ ስንት ቀን እንደሚዘጋ ጠየቀኝ።

ቁጥር 30 የብርድ ልብስ ዋጋ የጠየቀ ሰው ነው። ቁጥር 3ን አምኖ መሆን አለበት።

ቁጥር 31 ግን ያልጠበቅሁት ነበር። ፌራዮው ራሱ ነው። ልጁ ስልክ ላይ አሳይቶት ኖሯል። ወንድሜ ብሎ ነው የጀመረው፣ ምንም ክፉ ቃል አልጻፈም። ያን ቀን ያስታውሰዋል። የቢሙ ፌሮ ቀድሞ ስለወረደ ስታፋው ሊገባ አልቻለም። ወደ እኔ መጥቶ ቢሙን እናንሳው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ሚክሰሩ በቀን ሒሳብ ቆሟል፣ ደመና መጥቷል፣ ሠላሳ ሰው አካፋ ይዞ ይጠብቃል። እለፈው ያልኩት እኔ መሆኔን ነው የጻፈው።

እውነቱን ነው። በ32 እንደዚያው ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ጽሑፌንም አርሜ፣ ፌራዮው ዘሎት ነው ያልኩበትን ቦታ ዘልለነው በሚል ቀየርኩት። አስተካክዬ ሳነበው አሁንም ልክ አልመጣልኝም፤ አዘልዬው አልኩ።

ፌራዮው በ33 ስለዚህ አንድም ነገር ሳያነሳ ወደ ሥራው ገባ። አሁን ስታፋውን በሁለት ግማሽ ያጥፈዋል። ቢሙ ከወረደ በኋላ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ጎን አስገብቶ የኮለኑን ፌሮ ያቃቅፋቸዋል፣ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፎ ያስራል። ጊዜ ካለ ደግሞ የቢሙን ፌሮ ከፎርሙ በላይ በጣውላ ደግፎ፣ ስታፋውን ደርድሮ፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ያወርዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጂ+4 እየሠራ ነው፤ ቅዳሜ ሶሌታ ይሞላል። ከጽሑፉ በታች የማዕዘን ኮለን ፎቶ አለ፣ በአዲስ ሽቦ የታሰረ። አጉልቼ ቆጠርኩ። አራት ስታፋ።

ቁጥር 34 አምስተኛ ይገባ ነበር የሚል ነው።